ባለቤቱ አይቆጠርም

ጥያቄው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። ወደ ሰው ቋንቋ ስመልሰው እንዲህ ይላል፦ «አንድ ገበሬ ከሦስት ጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ ማሳውን በስድስት ቀን አርሞ ይጨርሳል። ሁሉም እኩል ይሠራሉ። ሥራው በሁለት ቀን እንዲያልቅ ቢፈለግ ስንት ተጨማሪ ሰው ያስፈልጋል?»

እኔ ስድስት አልኩ። የመልስ ቁልፉ ስምንት አለ።

«ቁልፉ ተሳስቷል» አልኩ።

«ጋሽ ይርጋ፣ ትናንትም ቁልፉ ተሳስቷል ብለው ነበር» አለች ሀስና ጠመኔውን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው እያዛወረች።

«ትናንትም ተሳስቶ ነበራ!»

«ከትናንት ወዲያስ?»

የቆቦ የከሰዓት ፀሐይ የክፍሉን ቆርቆሮ ያንጣጣዋል፤ ሸሚዜ ከወንበሩ መደገፊያ ጋር ተጣብቋል። ሀስና የትምህርት ቤታችን የሒሳብ መምህርት ናት። ዘጠነኛ ክፍል ሳለች ሥነ ዜጋ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። «ሳትጠይቂ አትቀበዪ» እያልኩ ያስተማርኳት ልጅ አሁን እኔን የተማሪ ወንበር ላይ አስቀምጣ ዝም ብዬ እንድቀበል ትለምነኛለች።

ነገሩ ይህ ነው። ዘንድሮ ለትምህርት ቤታችን አንድ ቦታ መጣ፤ ደመወዝ ሳይቋረጥ በትምህርት አመራር ማስተርስ መማር። ቦታው አንድ፣ አመልካቹ ሁለት፤ እኔና የጂኦግራፊው መምህር ይሁኔ። የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን አልፎ የበለጠ ነጥብ ያመጣ ይሄዳል። እኩል ከመጣን ረጅም ያገለገለው ይቀድማል፤ ይሁኔ ደግሞ በሁለት ዓመት ይቀድመኛል። ስለዚህ እኔ መብለጥ አለብኝ፤ እኩልነት ለእኔ ሽንፈት ነው። ጦርነቱ ትምህርት ቤቱን ዘግቶ የበላብን ጊዜ አለ፣ የሚመልሰው የለም። በእኔ ዕድሜ ዘንድሮ የቀረ ቀረ ማለት ነው።

ባለፈው ዓመት ተፈትኜ ወድቄያለሁ። በቋንቋውና በአመክንዮው ክፍል ማንንም አልፈራም። የጣለኝ የቁጥሩ ክፍል ነው፤ ከቁጥሩም በቃላት ተጠቅልሎ የሚመጣው። እኩልታ ስጡኝ፣ እፈታለሁ። «አንድ ቧንቧ ታንከሩን ይሞላል፣ ሌላው ያፈሰዋል» ስትሉኝ ግን ደሜ ይፈላል። ቧንቧችን ውሃ ከተፋ ስንት ጊዜው ነው? ማነው ይህ ታንከር ሞልቶለት ከታች ከፍቶ የሚያፈስ ሰው? ለምንስ አይታሰርም? ይህንን ሁሉ ባለፈው ዓመት ከወደቅሁ በኋላ ፌስቡክ ላይ ጽፌዋለሁ። ብዙ ሰው ወደደው። ይሁኔ ሥሩ «መጀመሪያ እለፍ» ብሎ ጻፈ። እሱንም ብዙ ሰው ወደደው።

ፈተናው ቅዳሜ ነው። ዛሬ ሐሙስ። ጠዋት መምህራን ማረፊያ ውስጥ ያንኑ የገበሬውን ጥያቄ ይዤ ስቆዝም ይሁኔ ከኋላዬ መጥቶ ወረቀቱን ነጠቀኝ።

«በዚህች ነው እንዲህ ግንባርህ የተቋጠረው?» አለ ጮክ ብሎ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ስድስት! ዓይን ጨፍኖ ስድስት! አይ ይርጋ፣ አንተ ፌስቡክህን ጻፍ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን አንገቱን ባነቅሁት። ዛሬ ግን «እኔም ስድስት ነው ያልኩት!» አልኩት፤ ላቅፈው ምንም አልቀረኝ። ተቀናቃኜ ራሱ ስድስት አለ! ሁለት የተማሩ ሰዎች፣ በሌላ በምንም የማይስማሙ ሰዎች፣ በአንድ መልስ ተስማሙ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? ከሰዓት በኋላ ይህንን ለሀስና እንደ ፍርድ ቤት ክርክር አሰማኋት።

ሀስና ግን በክርክሬ አልተደነቀችም። ጠመኔዋን አስቀመጠች።

«መምህር ይሁኔ አገራቸው የት ነው?»

«ዋጃ አካባቢ። የገበሬ ልጅ ነው። ምን አገናኘው?»

«እርስዎም ከዞብል ግርጌ ነዎት።»

«አዎ፤ አንቺ ደግሞ የቆቦ ነጋዴ ልጅ ነሽ። እና?»

«እና አሁን የምጠይቅዎትን ሳያስቡ ይመልሱልኝ። አንድ ነጋዴ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አሥራ ሁለት ኩንታል ማሽላ እኩል ተካፈለ። ለአንድ ሰው ስንት?»

«ሦስት ኩንታል።»

«ለስንት ሰው አካፈሉት?»

«ለአራት ነዋ! ነጋዴውና ሦስቱ።»

«ጥሩ።» ወደ ሰሌዳው ዞር ብላ የገበሬውን ጥያቄ በጣቷ መታችው። «እዚህኛው ላይ ገበሬውን የት ጣሉት?»

ሰሌዳውን አየሁት። ገበሬ፣ ሦስት ጎረቤቶች። እኔ ሦስትን በስድስት አባዝቼ ነበር። ትናንት በቀለም ቀቢው፣ ከትናንት ወዲያ በግንበኛው ያደረግሁትም ያንኑ ነው።

«ሲካፈሉ ይቆጥሩታል፤ ሲሠሩ ይተዉታል» አለች ሀስና። ሳቋን ልትደብቅ ሞከረች፤ አልቻለችም። «ባለቤቱ ለመብላት አለ፣ ለመሥራት የለም ማለት ነው? ዛፍ ሥር ተኝቶ ነው ወይስ?»

«ተኝቶ?» ዴስኩን በመዳፌ ስመታው ወረቀቶቹ ወደቁ። «ባለቤቱ ከሁሉ ቀድሞ ማሳው ይገባል፣ ከሁሉ ኋላ ይወጣል! እሾሁን እሱ ነው የሚይዘው፣ ዳር ዳሩን ለእንግዳ ትቶ አስቸጋሪውን መሀል እሱ ነው የሚወስደው! ግን አይቆጠርም! ባለቤቱ አይቆጠርም!»

«ለምን?»

«ወንፈል ነዋ!»

የከተማ ልጅ ናት፤ ማስረዳት ነበረብኝ። ወንፈል ላይ የሚቆጠረው የመጣልህ ሰው ነው። ዛሬ ሦስት ሰው ከወጣልህ፣ የእነሱ ተራ ሲደርስ ለሦስቱም ትወጣለህ። ማታ «ዛሬ በስንት ሰው አረምክ?» ብለው ሲጠይቁህ «በሦስት» ትላለህ። «ከእኔ ጋር በአራት» ያልክ እንደሆነ የአገር መሳቂያ ትሆናለህ፤ ለራሱ ወንፈል የሚመልስ ሰው የት አለ? አባቴ እንዲህ ሲቆጥር ሰምቼ አደግሁ። የይሁኔም አባት እንዲሁ ነው የሚቆጥረው። ከዩኒቨርሲቲ በፊት፣ ከማባዣ ሰንጠረዥም በፊት የተማርነው ሒሳብ ነው።

«ይህን ጥያቄ ያወጣው ሰው ወንፈል ወጥቶ አያውቅም!» ብዬ ጨረስኩ።

«አያውቅም» አለች ሀስና። ሳቋ ጠፍቷል። «ወላሂ አያውቅም። እርስዎንም አያውቅዎትም። ቅዳሜ ስምንት ካላሉት ግን ዜሮ ነው የሚሰጥዎት።»

«ፍትሕ አይደለም።»

«አይደለም። ካለፉ በኋላ ይጻፉት። የወደቀ ሰው ሲጽፍ ለቅሶ ነው የሚመስለው፤ አምና አይተነዋል።»

ደብተሬን ሰብስቤ ተነሣሁ። በሩ ላይ ደርሼ ቆምኩ፤ ያስቆመኝ ትሕትና አይደለም፣ የቅዳሜ ነገር ነው። ተመልሼ ተቀመጥኩ። እሷም ምንም እንዳልተፈጠረ ወረቀቶቹን ከመሬት አንሥታ ሰጠችኝ።

«የሥራ ጥያቄ ሲመጣ ባለቤቱ ማነው አይበሉ» አለችኝ። «እጁ ሥራው ውስጥ ያለ ማነው ይበሉ። እጁን ያስገባ ይቆጠራል፤ ያላስገባ አይቆጠርም። በቃ።»

እስኪመሽ ድረስ አሠራችኝ። አርብም እንዲሁ። ከአሥር ዘጠኙን እያገኘሁ ሄድኩ። አርብ ስንለያይ የክፍሉን በር እየቆለፈች፣ ፊቷን ሳታዞር ጠየቀችኝ።

«ለመምህር ይሁኔ ይነግሯቸዋል?»

«ምኑን?»

«ስድስት ብለዋል አላሉኝም?»

«ሲፎክርብኝ የዋለ ሰው! ይፎክራ። ጠላቱን ጥይት የሚያቀብል ማን አለ?»

«እኔ ሒሳብ ነው የማስተምረው፤ ሌላውን አልጠየቅሁም» አለችና ባጃጅ አስቆመች።

ቅዳሜ ማለዳ ወደ ወልዲያ የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ የቀረው ወንበር አንድ ብቻ ነበር፤ ከይሁኔ አጠገብ። ተቀመጥኩ። ሰላምታችን ጉሮሮ ከመጥረግ አላለፈም። እሱ ስልኩ ላይ ቴሌግራም ከፍቶ የቆዩ ጥያቄዎችን ይገለብጣል። እኔ በመስኮት የማሽላውን ማሳ አያለሁ፤ እጁን ያስገባ ይቆጠራል፣ ያላስገባ አይቆጠርም።

ጎብዬ ሳንደርስ ኬላ ላይ ቆምን። ከፊታችን የጭነት መኪኖች ተሰልፈዋል። ፈታሹ የአንዱን ሸራ እያስፈታ ነው። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ሞተር ሲጠፋ ነው ሰው የሚፈራው፤ ይሁኔ ሰዓቱን አየ፣ እኔም የእሱን ሰዓት አየሁ።

«አንደርስም» አለ።

«እንደርሳለን።»

«በሰዓት ስድሳ ኪሎ ሜትር ብትል ነው የምትደርሰው። ኬላ ጥያቄው ውስጥ የለም።»

እንዲህ ያለ ነገር ከእሱ አፍ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ልስቅ ነበር። እሱ ግን ስልኩን ወደ እኔ አዞረ።

«ተመልከት እነዚህን ደነዞች። የገበሬዋን ጥያቄ ስምንት ይሏታል። መቶ ሰው ስምንት ብሎ ተስማምቷል! እኔና አንተ የተስማማነው በዚህች ብቻ ነው፣ አይደል? ስድስት ናት።»

ወደ መስኮቱ ዞርኩ። አንድ ነጥብ ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከመጣ በአንድ ነጥብ እበልጠዋለሁ። የሚጠበቅብኝ ዝም ማለት ብቻ ነው፤ ዝም ማለት ውሸት አይደለም።

«ስምንት የሚል ሰው ወንፈል ወጥቶ አያውቅም» አለ ይሁኔ፣ ለራሱ ይመስል።

ይህቺ የእኔ ዐረፍተ ነገር ናት! ከትናንት ወዲያ ዴስክ እየመታሁ የተናገርኳት ናት። ተሸንፋ፣ ተቀብራ፣ አሁን በእሱ አፍ ተነሥታ መጣች። በሕይወቴ አንድ ነገር አልቻልኩም፤ የተሳሳተ ክርክር አጠገቤ ሲቀመጥ ዝም ማለት። ከደግነት ነው እንዳትሉ። ምላሴ ነው የቀደመኝ።

«ስምንት ነው!» አልኩት። ከፊት የተቀመጡት ዞሩ። «ስምንት ነው፣ አንተ ግትር! ገበሬውን ረሳኸው! ወንፈል አይደለም፣ ፈተና ነው፤ ገበሬውም ይሠራል፣ አራት ናቸው!»

አፉን ከፍቶ አየኝ። ከንፈሩ ሲያባዛ ይታየኛል። አራት፣ ስድስት፣ ሃያ አራት። ከዚያ ዓይኑ ጠበበ።

«ለምን ትነግረኛለህ?»

«ስለተሳሳትክ!»

«ሐሙስ አንተም ስድስት ብለህ ነበር። ዛሬ ፈተና በር ላይ ስንደርስ ስምንት ትለኛለህ። ልታደናግረኝ ነው።»

«አባዛው እንጂ! አሁን አባዝተኸው የለም?»

«ሌሎቹስ? በሁሉም ላይ ነው?»

እዚህ ላይ ሀስና ያለችኝን መናገር እችል ነበር። ቃሏ አፌ ላይ ነበር። ነገር ግን ተጠርጥሬያለሁ፣ ተሰድቤያለሁ፣ ሰው ሁሉ እየሰማኝ ነው።

«ባለቤቱን ቁጠር! ሌላ ምንም የለውም። ባለቤቱን ቁጠር፣ አትርሳው!» ብዬ ጮህኩበት። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ፤ ሰልፉ ተንቀሳቅሷል። እስከ ወልዲያ ድረስ አልተነጋገርንም።

ከመፈተኛው አዳራሽ በር ላይ ስም እየጠሩ ሊጨርሱ ሲሉ ሮጠን ደረስን። ኮምፒውተር ፊት ስቀመጥ ላቤ የቁልፍ ሰሌዳው ላይ ይንጠባጠባል። ቋንቋውን ጨረስኩ። አመክንዮውን ጨረስኩ። ቁጥሩ መጣ።

መጀመሪያ ልብስ ሰፊዋ መጣች። ከአራት እህቶቿ ጋር አንድ ሥራ በስድስት ቀን ትጨርሳለች፤ ሁለቱ እህቶች ቢቀሩ በስንት ቀን ያልቃል? አሥራ ሁለት የሚለው ምርጫ እዚያው ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ልብስ ሰፊዋን ቆጠርኳት፤ አምስት ናቸው፣ ሁለቱ ሲቀሩ ሦስት፣ አሥር ቀን። አሥርን ነካሁ። አባቴን የካድሁ ያህል ተሰማኝ፤ ቢሆንም ነካሁት።

ጥቂት ቆይቶ ሌላ መጣ። አንድ ኮንትራክተር ስምንት ሠራተኞች ቀጥሮ የሚያስቆፍረው ቦይ በስድስት ቀን ያልቃል፤ በሦስት ቀን እንዲያልቅ ስንት ተጨማሪ ሠራተኛ ይቅጠር? ሰዓቱ ከላይ ይቀንሳል። እጄ ወረቀቱ ላይ ዘጠኝ ብሎ ጻፈ። ዘጠኝ በስድስት ሃምሳ አራት፣ ለሦስት ሲካፈል አሥራ ስምንት፤ ዘጠኝ ይጨመር። ዘጠኝ ምርጫው ውስጥ አለ። ልነካው ስል ድንገት ተናደድኩ። ኮንትራክተር! ኮንትራክተር መቼ ነው አካፋ የጨበጠው? ከመኪናው መች ይወርዳል? ለዚህ ሰው ነው ከስምንት ምስኪኖች እኩል ላብ የምቆጥርለት? እጁ ሥራው ውስጥ የለም! ዘጠኙን ወረቀቱ እስኪቀደድ ሰረዝኩት። ስምንት ይጨመር። ስምንትን ነካሁ። ንዴቴ በፈተና ላይ ሲጠቅመኝ ያ የመጀመሪያ ቀን ነው።

ይሁኔ ውጭ እየጠበቀኝ ነበር። ፊቱ በርቷል።

«ልብስ ሰፊዋን ቆጠርኳት!» አለኝ። ትከሻዬን ያዘኝ። «አምስት ብዬ፣ አሥር! በመጨረሻ አመንኩህ፣ አንተ ክፉ!»

«ኮንትራክተሩስ?»

«እሱንማ ደግሞ! ዘጠኝ ብዬ፣ ዘጠኝ ይጨመር።»

ፊቴን አነበበው።

«ባለቤቱን ቁጠር አላልከኝም?»

«ኮንትራክተር ነዋ፣ ይሁኔ! ኮንትራክተር ሲቆፍር አይተህ ታውቃለህ?»

እጁን ከትከሻዬ አነሣ።

በመልሱ ሚኒባስ መጨቃጨቃችን መንገዱን ሞላው። አንድ የጎብዬ ገበሬ፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው መሀል አቁመው፣ በመጨረሻ ሰለቻቸው።

«ልጆቼ፣ ምንድን ነው የምትካፈሉት? መሬት ነው?»

ጥያቄውን ነገርኳቸው። ማሳ፣ ገበሬ፣ ሦስት ጎረቤት፣ ስድስት ቀን፤ በሁለት ቀን እንዲያልቅ ስንት ሰው ይጨመር።

ዱላቸውን ሁለት ጊዜ ወለሉ ላይ መቱ። «ስድስት ሰው ይለምናላ።»

«ገበሬውስ አባባ? እሱ አይሠራም?»

«ይሠራል እንጂ! ማሳው የማን ሆነና?»

«ታዲያ አይቆጠርም?»

«ባለቤቱማ አይቆጠርም» አለች ከኋላ ወንበር ቅርጫት የታቀፈች ሴት፣ በእኔ አላዋቂነት እያፈረች። «ደግሞ አስተማሪ ነኝ ይላል።»

መኪናው በሙሉ ስድስት ብሎ ፈረደ። ሾፌሩ በመስታወት እያየን ስለ ኮንትራክተሩ ጠየቀ፣ ይሁኔ በቀዘቀዘ ድምፅ ነገራቸው፤ ሽማግሌው ሳቁ። «እሱ የሚቆጥር ነው እንጂ የሚቆጠር ነው?» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ይሁኔ አልሳቀም። ጎብዬ ላይ ሽማግሌው ወርደው ሳቁ ሲበርድ፣ ጆሮዬ ሥር መጣ።

«የደንቡን ሁለተኛ ግማሽ ታውቀው ነበር።»

«አልጠየቅኸኝም!»

«ጠየቅሁህ። በሁሉም ላይ ነው ወይ አልኩህ።»

ጠይቆኛል።

ውጤቱ የተለቀቀ ቀን ኔትወርኩ እስኪመጣ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ቆመን ዋልን። ሁለታችንም አልፈናል። በአንድ ነጥብ በልጬዋለሁ።

ወደ ሀስና ክፍል ሄድኩ። ደስታዬን ለመናገር አልነበረም፤ ለመከራከር ነው። ምንም ባልነግረው፣ አልኳት፣ ልብስ ሰፊዋን ይስት ነበር፣ ኮንትራክተሩን ያገኝ ነበር። ስለነገርኩት ልብስ ሰፊዋን አገኘ፣ ኮንትራክተሩን ሳተ። አንድ ሰጠሁት፣ አንድ ወሰድኩበት። ዜሮ። እኔ የለሁበትም። ሒሳቡ ልክ ነው?

«ሒሳቡ ልክ ነው» አለች።

«ታዲያ?»

«ሙሉውን ቢነግሯቸውስ?»

ሙሉውን ብነግረው ሁለቱንም ያገኝ ነበር። እኩል እንመጣ ነበር። እኩል ከመጣን ቦታው የእሱ ነው። ይህንን ውጤቱን ካየሁባት ደቂቃ ጀምሮ አውቀው ነበር፤ እሷ እንዳትጠይቀኝ ነበር የምጮኸው።

«ጠላቴን ሁሉንም የማስተማር ግዴታ የለብኝም!» አልኳት።

«የለብዎትም» አለች፤ የቤት ሥራ ማረሟን ቀጠለች።

ቦታውን ተቀበልኩ። የማይቀበል ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ። ደብዳቤውን በፈረምኩ ማግስት ግን ይሁኔ የመምህራን ማረፊያው በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

«ወንፈል አለብህ» አለኝ።

«የምን ወንፈል? እኔ ነኝ የነገርኩህ! እኔ ባልነግርህ...»

«ግማሽ ቀን ወጣህልኝ፤ ከዚያ ዱላህን አንሥተህ ሄድክ። እንዲህ ያለ ወንፈል እኛ ዘንድ አልተመለሰም ነው የሚባለው። እናንተ ዘንድስ?»

ብዙ ልል እችል ነበር። እኛም ዘንድ እንደዚያው ነው የሚባለው።

ለከርሞ ሌላ ቦታ ይምጣ አይምጣ ማንም አያውቅም። እኔ እስክሄድ ግን ከክፍል በኋላ በሀስና ክፍል እንገናኛለን። ይሁኔ የተማሪው ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ጉልበቱ ዴስኩ ሥር አይገባለትም። በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ላይ ጻፍኩለት፦ አንዲት መበለት አራት ልጆቿን ማሳ ላይ አሰማርታ እሷ ቤት ምግብ ታዘጋጃለች፤ የማሳው ሥራ በስንት ሰው ይሠራል?

«አምስት» አለ ወዲያው።

«እጇ የት ነው ያለው?»

«እሷ ባታበስል ማን ይሠራል? አምስት ነው!»

«ማሳው ላይ ነው የተባለው፣ ይሁኔ!»

«ጥያቄው ነው የተሳሳተው!» ብሎ ተነሣ።

ሀስና ከኋላ ወንበር የቤት ሥራ ታርማለች። ቀና አላለችም።

«ተቀመጥ» አልኩት፣ ጠመኔውን እየሰበርኩ። «ከመጀመሪያው እንጀምር።»